ግልጽ ደብዳቤ፦ 9,604 ሰው መለሰ፤ ቦኖ ላይ የተሰለፈውን ግን ማን ጠየቀው?

ይድረስ ለከተማችን የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በቴሌግራም መጠይቅ ስለተወሰነው የሌሊት የውኃ ፈረቃ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

አክብሮታችንን አስቀድመን ወደ ጉዳያችን እንገባለን።

እኛ በዚህ ከተማ ቤት ለቤት እየዞርን መረጃ የምንሰበስብ ሰዎች ነን። በሥራው ቋንቋ ኢኑመሬተር እንባላለን። ሰፈር ውስጥ ግን "ቆጣሪዎቹ መጡ" ነው የሚሉን። መብራት ኃይል የላከን እየመሰላቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ የሚያሳዩንም አሉ። ከመካከላችን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ የሠሩ አሉ። ከዚያ ወዲህ የጤናም፣ የኑሮም፣ የሥራ አጥነትም ጥናት ሲመጣ በር ስናንኳኳ ኖረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውኃ ፈረቃው ከመቀየሩ በፊት ቤት ለቤት ጥናት ሊደረግ ታስቦ ነበር። ለሥልጠና ተጠራን፣ ስማችን ተመዘገበ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ተደወለና "ኦንላይን ስለሚሠራ አትምጡ" ተባልን። በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ ጥያቄው በቴሌግራም ቻናላችሁ ተለቀቀ፤ የፌስቡክ ገጻችሁም ሊንኩን አጋራ። እሑድ ማታ ተዘጋ። ሰኞ ጠዋት ውጤቱ ባማረ ፖስተር ወጣ። 9,604 ሰው መልሷል። ከአራት ሰው ሦስቱ ውኃ በሌሊት ይለቀቅ ብሏል። ከታች ደግሞ በትንንሽ ፊደል "የስህተት ህዳግ፦ 1 በመቶ" ይላል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውኃው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መለቀቅ ጀመረ።

"ሥራ ስለቀረባችሁ ነው የምትጮኹት" የሚል አይጠፋም። አበሉ ቀርቶብናል፣ አንደብቅም። ግን እኛም እዚሁ ነው የምንኖረው። ብዙዎቻችን ሮቶ የለንም።

ሮቶ ያለው ሰው ሌሊት ተኝቶ ውኃው ራሱ ይሞላለታል። ጠዋት ቧንቧውን ይከፍታል፣ አለቀ። ከቦኖ የሚቀዳው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ቦኖ ጠባቂ አለው። ጠባቂው ጠዋት ይከፍታል፣ በጀሪካን ሒሳብ ይቀበላል፣ ሲመሽ ይቆልፋል። አሁን ውኃው ሲመጣ ቦኖው ተቆልፏል፤ ቦኖው ሲከፈት ውኃው ሄዷል። በእኛ ሰፈር ጠባቂው ተለምኖ በሳምንት ሁለት ሌሊት መክፈት ጀምሯል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው ተሰልፈዋል። ወረፋ ለመያዝ ጀሪካን ያጠረው ድንጋይ አስቀምጧል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን ተከናንባ፣ የስልኳን ባትሪ አብርታ ትቆማለች፤ ከታች ወንዙ ጋ ጅብ ይጮኻል። ይቺ ሴት ሊጥ የምታቦካው ቀን ነው። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ቴሌግራም የለውም። ስለ ምርጫው የሰማችው ውኃው ከተቀየረ በኋላ ነው። "ሕዝቡ መርጦ ነው" ሲሏት "እኔ የት ሄጄ ነበር?" አለች።

ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የእሷን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

በመጀመሪያ ያቺ 1 በመቶ። የስህተት ህዳግ የሚባለው፣ ውጤቱ ከእውነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በስንት ሊርቅ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። ከየት እንደመጣች እናውቃለን፤ ሥልጠና ላይ በየጊዜው የምናሰላት ናት። 0.98ን ለመልስ ሰጪው ቁጥር ስኩዌር ሩት ታካፍላላችሁ። የ9,604 ስኩዌር ሩት 98 ነው። 0.98 ሲካፈል ለ98፣ 0.01። ስሌቱ ልክ ነው። ስህተቱ ያለው ቀመሩ የገባበት ቦታ ላይ ነው።

ይህ ቀመር የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። እያንዳንዱ ቤት የመመረጥ ዕድል ሲኖረው፣ ዕድሉም ስንት እንደሆነ ሲታወቅ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል፦ ዕጣው በአጋጣሚ ወዴት ሊያደላ ይችላል? የናሙና ስህተት የምንለው ይህን የአጋጣሚ መወዛወዝ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ይቀንሳል። ሌላው ዓይነት ስህተት፣ እኛ ባያስ የምንለው፣ ከዕድል ጋር አይገናኝም። ሚዛኑ ራሱ ያጋደለ ነው። ባጋደለ ሚዛን አንድ ኪሎም መዝኑ አንድ ኩንታል፣ ማጋደሉ እዚያው ነው።

የጤፍ ነጋዴን እዩ። ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ነጭ ጤፍ አይቶ ብቻ አይገዛም። ክፍት ብረቱን ጆንያው ሆድ ውስጥ ሰክቶ ከመሐልና ከታች ያወጣል። አፉ ላይ ካለው አሥር እፍኝ ቢያይ ስለ አፉ የበለጠ ያውቃል እንጂ ስለ ሆዱ ምንም አይጨምርለትም። የእናንተ 9,604 እፍኝ የተዘገነው ከጆንያው አፍ ነው።

ይህ ሞኝነት በእኛ ከተማ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ለፕሬዚዳንትነት ማንን ትመርጣለህ የሚል የመጠይቅ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። መጽሔቱ አልፍ ላንዶን በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻዎቹ የተሰበሰቡት በብዛት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ማን እንደነበር ግልጽ ነው። ካርዱ ከደረሳቸውም ውስጥ ሩዝቬልትን የጠሉት ለመመለስ የበለጠ ተጣደፉ። በዚያው ጊዜ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋለፕ 50,000 ገደማ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን አወቀ። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

"ያ የድሮ ነው፣ አሁን ቴክኖሎጂ አለ" እንዳትሉን የቅርቡን እንጨምር። በኮቪድ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በፌስቡክ በኩል በየሳምንቱ ወደ 250,000 ሰው የሚመልሰው ጥናት ነበር። ከናንተው እጅግ የተሻለ ነው። ፌስቡክ ራሱ ተጠቃሚዎቹን በዕጣ እየመረጠ ይጋብዝ ነበር፤ መልሱም በዕድሜና በጾታ ከሕዝቡ ጋር እንዲመጣጠን ተመዝኖ ይስተካከል ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ክትባት የወሰደውን ሰው ከእውነተኛው መዝገብ በ17 የመቶኛ ነጥብ አብልጦ አሳየ። 1,000 ገደማ ሰው ብቻ በጥንቃቄ መርጦ የጠየቀ ሌላ ጥናት ወደ እውነቱ የቀረበ ውጤት አገኘ። ይህን ያጋለጠው ጽሑፍ በዚያው ዓመት ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ስሌቱ ነው፦ የ250,000 ሰው መልስ በንጹሕ ዕጣ ከተመረጡ 10 ሰዎች መልስ የማይሻልበት ጊዜ ነበር። አሥር ሰው! አንድ ሚኒባስ እንኳ አይሞላም።

ለዚህ ነው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ማኅበር፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ገብቶ በሚመልሰው መጠይቅ ላይ እንዲህ ያለ የስህተት ህዳግ መጻፍ አይገባም የሚለው። ሕዝብ "1 በመቶ" ሲባል የሚሰማው "99 በመቶ እውነት" ተብሎ ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ቅሬታችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጥያቄው ያልደረሰው ሰው ብዙ ነው። እንደ አገር ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሰው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከሕዝቡ ከአምስት አንድ ገደማ እንደሆነ ሲገመት ነበር። ከተማ ይሻላል፣ እሺ። ግን ከተማ ውስጥም ማን አለው፣ ማን የለውም የሚለው በዕጣ የተከፋፈለ አይደለም። ጎረምሳው አለው፣ አያቱ የላትም። ኮንዶሚኒየሙ ዋይፋይ አስገብቷል፣ ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር ካርድ ሲሞላ ለመደወል ነው። ሮቶ ያለው ሰውና ቴሌግራም ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ችግሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ሰው በውኃ ጉዳይ ኢንተርኔት ካለው ጋር አንድ ዓይነት ፍላጎት ቢኖረው ኖሮ መቅረቱ ባልጎዳን ነበር።

በዚያ ላይ ዓርብ ማታ ከታችኛው ቀበሌ መብራት ጠፍቶ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የመጣው። ጥያቄው ክፍት ከነበረበት ጊዜ ሲሶው እዚያ ላሉት ስልክ የዘጋ ጊዜ ነበር። ነገም መድረኩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ብለው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ብትጠይቁ ኖሮ የሚመልስላችሁ ቪፒኤን መጫን የሚያውቅ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከደረሳቸውም ውስጥ የመለሱት የፈለጉት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሊንኩ በአንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ግሩፕ ውስጥ ገባ። ከኛ አንዷ እዚያ ተከራይታ ስለምትኖር መልእክቱን አይታዋለች። "ጎረቤቶች፣ ሁላችንም ገብተን ማታን እንምረጥ፣ ለልጆቻችሁም ላኩ" ይላል። ክፋት የለበትም፣ ለጥቅማቸው ተደራጁ። ግን የተደራጀ ሰው የሚያሸንፍበት ነገር ዘመቻ እንጂ ጥናት አይባልም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2016 ለአንድ የምርምር መርከብ ስም ሕዝብ በኢንተርኔት እንዲመርጥ ሲያደርጉ ከ124,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ ያሸነፈው "ቦቲ ማክቦትፌስ" የሚል ቀልድ ነበር። "ጀልቢት ጀልባፊት" እንደማለት ነው። መርከቧን ሰር ዴቪድ አተንቦሮ ብለው ሰየሟት። እነሱ ቢያንስ ሳቁና አለፉ።

ሦስተኛ፣ የመለሰው ማን እንደሆነ አታውቁም። በቴሌግራም ቻናል ላይ የሚለቀቅ ፖል ማን ምን እንደመረጠ አያሳይም። ዕድሜ የለ፣ ቀበሌ የለ፣ ሮቶ አለው የለውም የለ። ሲፎርዋርድ ደግሞ ቆጠራው አብሮ ይሄዳል፤ የትም አገር ያለ ሰው ቢነካው እናንተው ቁጥር ላይ ይደመራል። ጅዳ የምትኖር የአንዱ ባልደረባችን የአክስት ልጅ እሑድ ደውላ "እኔም መረጥኩላችሁ" አለችው። ምን መረጥሽ ቢላት "ሌሊት ነዋ፣ ቀን ፀሐዩ አይቻልም" አለች። ከዚህ ከተማ ቧንቧ ውኃ ከቀዳች ስምንት ዓመቷ ነው። የጅዳን ፀሐይ ለኛ ቆጠረችልን። አንጀታችን ራራላት፤ ግን ድምፅዋ የእንጀራ ጋጋሪዋን ጎረቤታችንን ባዶ ቦታ ያዘ።

ሦስት ሲም ያለው ጎረምሳ ሦስት አካውንት አለው። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ስልክ ካለ አምስት ድምፅ ነው። ውኃ የሚደርሰው ግን ለቤት ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ቤቱ ነበር። ለቀልድ የሚመልስም አለ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ሰው በፈቃዱ በሚገባበት የኦንላይን መጠይቅ ላይ አንድ ወጥመድ ጥያቄ አስገብቶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ30 በታች ከሆኑት መላሾች 12 በመቶዎቹ የኒውክሌር ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ለመንዳት ፈቃድ አለን ብለዋል። የኛ ልጆች ከዚህ ያነሰ ይቀልዳሉ ብለን አናስብም።

አራተኛ፣ አጠያየቁ። "ሠራተኛው ማኅበረሰብ እቤቱ በሚገኝበት በሌሊት ውኃ ቢለቀቅ ይመርጣሉ?" ይህን ጥያቄ ለሙከራ ይዘን ብንመጣ ሱፐርቫይዘራችን ወረቀቱን ይመልስልን ነበር። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ተቀምጧል። ቦኖው ማታ እንደሚዘጋም አይናገርም። በዚህ ላይ ብዙ አንልም።

አምስተኛ፣ "ካስፈለገ፣ በኋላ በክብደት እናስተካክለዋለን" ስትሉ ሰምተናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ይሠራልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤክስቦክስ በተባለው የጌም ማጫወቻ 345,858 ሰው ስለ አሜሪካ ምርጫ ተጠይቆ ነበር። 93 በመቶው ወንድ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ ትምህርቱን፣ ግዛቱን፣ ከዚያ በፊት ማንን እንደመረጠ ጠይቀው ስለነበር እያንዳንዱን ቡድን በሕዝቡ ውስጥ ባለው ልክ መዝነው ወደ እውነት የቀረበ ግምት አወጡ። ሁለት ነገር ነበራቸው፦ መላሹ ማን እንደሆነ፣ ሕዝቡም በምን በምን እንደተከፋፈለ። እናንተ የመጀመሪያውን አልጠየቃችሁም። ሁለተኛው ደግሞ በአገር ደረጃም ችግር ነው፤ አራተኛው ቆጠራ ሲተላለፍ ሲተላለፍ እስካሁን የምንመዝነው በ1999ኙ ቁጥርና ከሱ በተሰላ ትንበያ ነው። በዚያ ዓመት የዛሬው ኮንዶሚኒየም የገብስ ማሳ ነበር።

እዚህ ላይ ስለራሳችንም እንናገር፤ ቤት ለቤት ሲባል ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። ባለ ትልቅ ግቢ በር አይከፍትም፣ ውሻ ይለቁብናል። ሦስት ጊዜ ተመልሰን እንሄዳለን፣ በአራተኛው እንተወዋለን። ስለ አገልግሎት ስንጠይቅ ቡና አፍልተው "ተመስገን፣ ሁሉም ጥሩ ነው" የሚሉን አሉ፤ ይሉኝታ ነው፣ መረጃ አይደለም። ፀሐይ ሲበረታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅጽ የሞላ ኢኑመሬተርም አይተናል። ተባሯል። ልዩነቱ እነዚህን ስህተቶች መዝግበን መያዛችን ነው። ስንት ቤት እንደተመረጠ፣ ስንቱ እንደተዘጋ፣ ስንቱ እምቢ እንዳለ ይታወቃል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠው በየቦታው ቤት ተዘርዝሮ ከዝርዝሩ በዕጣ ተወስዷል፤ 16,650 ቤተሰብ ተጠይቋል። ከእናንተ መላሾች ቁጥር እጥፍ አይሞላም፣ የሚናገረው ግን ስለ መላው አገር ነው።

በስልክ መጠየቅም ይቻላል። በኮቪድ ጊዜ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ የስልክ ጥናት ሲያደርግ የጀመረው ቀደም ሲል ቤታቸው ተሂዶ ከተጠየቁ ቤተሰቦች ዝርዝር ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰብ ደረሰ። ከገጠሩ ቤተሰብ ስልክ ያለው 40 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑንም አልሸሸጉም፤ ስልክ የሌለው ማን እንደሆነ ከዝርዝሩ ስለሚታወቅ በክብደት ለማስተካከል ሞከሩ። የቀረውንም ጉድለት በግልጽ ጻፉት። መድረኩ ስልክ ይሁን ቴሌግራም ዋናው እሱ አይደለም። ከጀርባው ዝርዝር አለ ወይ ነው።

ታዲያ ማጋደሉ ስንት እንደሆነ እንዴት ይገመታል? አስቸጋሪ አይደለም። የቀሩት ሰዎች ከመቶ ስንት እንደሆኑ ውሰዱ። ከዚያ የገቡትና የቀሩት በመልሳቸው በስንት እንደሚለያዩ ውሰዱ። ሁለቱን አባዙ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከመቶ ቤት 30ው ኦንላይን ነው እንበል፤ ከነሱ 80 በመቶው ሌሊት ይላል። 70ው ኦንላይን አይደለም፤ ከነሱ ሌሊት የሚለው 25 በመቶ ነው። ልዩነታቸው 55 ነጥብ ነው። 0.7 ሲባዛ በ55፣ 38 ነጥብ ተኩል። ኦንላይኑ 80 ይላል፤ የከተማው እውነት 41 ተኩል ነው። ውሳኔው ተገለበጠ ማለት ነው። መላሹን ከ9,604 ወደ 90,000 ብታሳድጉት ያቺ 1 በመቶ ወደ ሲሶዋ ትወርዳለች፤ 38ቱ ግን ንቅንቅ አይልም። እንዲያውም ያኔ ነው የከፋው፤ የተሳሳተው ቁጥር ላይ ያላችሁ እርግጠኝነት ይጨምራል።

እንግዲህ የቀሩት ምን እንደሚሉ ለማወቅ ሄዶ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም። እኛ በአንድ ቅዳሜ በራሳችን ጊዜ ሞከርነው። ሰፈራችን ውስጥ መነሻውን በዕጣ አውጥተን በየአሥረኛው በር 60 ቤት አንኳኳን። የውኃ ፈረቃው ከመቀየሩ በፊት በቴሌግራም ጥያቄ እንደነበር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብለን ጠየቅን። 37ቱ ቤት "አልሰማንም" አለ። 60 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ህዳጉ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል፤ የአንድ ሰፈር ብቻም ነው። ለከተማው ሁሉ ነው አንልም። ግን በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከሰፈሩ ግማሽ የሚጠጋው ቤት አልተጠየቀም። ይህን ያህል ለማወቅ የፈጀብን ግማሽ ቀንና አንድ ጥንድ ጫማ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው፦

"የስህተት ህዳግ 1 በመቶ" የሚለው ጽሑፍ ከፖስተሩ ይነሣ። በቦታው "መልሱ በፈቃዳቸው የገቡ ሰዎች ነው፤ የከተማውን ነዋሪ ሁሉ አይወክልም" ተብሎ ይጻፍ። ይህ ዛሬውኑ ይቻላል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ውኃው ቦኖዎች ክፍት በሆኑበት ሰዓት ይለቀቅ።

400 ቤት በዕጣ ተመርጦ ይጠየቅ። 400 ቤት በንጹሕ ዕጣ ከሆነ ህዳጉ 5 በመቶ ገደማ ነው። በየቀበሌው ተሰብስቦ ሲወሰድ ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚመሳሰል ወደ 7 ከፍ ሊል ይችላል፤ ለዚህ ውሳኔ ይበቃል። የቀበሌው የቤት ዝርዝር አርጅቷል፤ ከመጠየቁ በፊት አዲስ ዝርዝር ይሠራ። መጠይቁ ቤቱ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሮቶ እንዳለው፣ ማን እንደሚቀዳ ይጠይቅ። ውኃ የሚቀዳው ሰው ራሱ ይጠየቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ አባወራው አይደለም። በር ያልከፈተው፣ እምቢ ያለውም ስንት እንደሆነ አብሮ ይታወጅ።

ይህን ሥራ ለኛ ስጡን አላልንም። ከሌላ ከተማ ሰው አምጡ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አሰማሩ። ሥልጠናውን ካስፈለገ በነፃ እንሰጣለን።

ቴሌግራሙንም ዝጉት አላልንም። ቧንቧ ሲፈነዳ ለመጠቆም፣ ቅሬታ ለማቅረብ፣ ሐሳብ ለማዋጣት ከሱ የሚሻል የለም። ከመቶ ስንት ለማለት ብቻ አትጠቀሙበት።

መልሳችሁን በቻናላችሁ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በከተማው ቤት ለቤት መረጃ የምንሰበስብ ኢኑመሬተሮችና ሱፐርቫይዘሮች

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለየቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለቦኖ ተጠቃሚዎች፤ በትልልቅ ፊደል ታትሞ የቦኖው በር ላይ የሚለጠፍ